ጋራዥ የነበረው ክፍል

እህቶቼ፣ ይሄን የምጽፍላችሁ ጋራዥ ውስጥ ሆኜ ነው። ጋራዥ ስላችሁ መኪና ቤት ውስጥ ያሳድሯታል ብላችሁ እንዳትደነግጡ። አሁን ሴራሚክ የተነጠፈበት፣ ኤሲ ያለው፣ መስኮት የወጣለት ደህና ክፍል ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ግን የባባ መኪና ነበር የሚያድርበት። አሁን የኔ ትራስ ያለበት ቦታ ላይ ትልቁ የብረት በር ነበር። ከመኪናው ጎን የተበላሸ ፍሪጅ፣ የልጆች ብስክሌት፣ ለረመዳን ብቻ የሚወጡ ትልልቅ ድስቶች ተከምረውበት ነበር። እኔም አቧራውን ለማጠብ በሳምንት አንድ ቀን እገባበት ነበር እንጂ አንድ ቀን አድርበታለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ቤቱ አል ኾበር ውስጥ ዐቅረቢያ ነው። ማማ ከቢራ፣ የባባ እናት፣ የሚተኙት ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃው 17 ነው። እኔ ስለማጥበው ቁጥሩን አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሊወርዱ ሲሉ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ኦፕራሲዮን ተደርገው ሲመለሱ ሐኪሙ ደረጃ እርም ነው አለ። መጀመሪያ መጅሊሱ ውስጥ አልጋ ዘረጉላቸው። እንግዳ ሲመጣ ሴትዮዋ ይሳቀቃሉ፤ መጸዳጃው ደግሞ ኮሪደሩን አልፎ ነው፣ እዛ እስክናደርሳቸው አይሆንም። ስንት ጊዜ መንገድ ላይ አምልጧቸው ፊታቸውን በሻርፕ ሸፍነው እንዳለቀሱ እኔ ነኝ የማውቀው። ለልጆቻቸው አልነገርኩም። «አትንገሪ» ብለውኛል።

አንድ ዓርብ ልጆቻቸው በሙሉ ተሰበሰቡ። ሻይ እያመላለስኩ ሰማሁ። አንዱ ሊፍት እናስገባ አለ፣ ዋጋውን ሲሰሙ ዝም አሉ። አንዷ ልጅ እኔ ቤት ልውሰዳት አለች፣ እሷም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። በመጨረሻ ባባ «ከራጁን ክፍል እናድርገው» አለ። መኪናው ውጭ ይቁም፣ ፀሐይ ቢበላው ይብላው አለ። ያን ቀን ባባን ወደድኩት።

የባለዲያ ወረቀት አልቆ ሥራው ሲጀመር ነው ጋራዥ ክፍል እንዳልሆነ ያወቅኩት። አራት ግድግዳና ጣራ ካለው ቤት ይመስለን የለ? አይደለም። የጋራዥ ወለል ሆን ተብሎ ወደ መንገድ እንዲያዘነብል ነው የሚሠራው፣ መኪና ሲታጠብ ውሃው እንዲወጣ። አልጋ ብታስቀምጪበት እግርጌው ይወርዳል፣ ዊልቸር ፍሬን ካልያዝሽው ብቻውን ይሄዳል። ደግሞ ከቤቱ ወለል በሦስት ደረጃ ይወርድ ነበር፣ 45 ሳንቲ። ግንበኛው ፓኪስታናዊ ነው፣ ሽማግሌ ሰው፣ ምሳ ስወስድላቸው እንደ ልጁ ያስረዳኝ ነበር። በአረብኛ ሁለታችንም ተሰባባሪ ስለሆንን በጣም ተግባባን።

እሱ እንዳለኝ፣ ለዊልቸር ተዳፋት ሲሠራ ለአንድ ሳንቲ ከፍታ 12 ሳንቲ ርዝመት ያስፈልጋል። ለ45 ሳንቲ አስቡት፣ 5 ሜትር ከ40 ይሆናል፤ ክፍሉን ግማሹን ይበላዋል። ስለዚህ ወለሉን ሞልተው ከቤቱ ወለል ጋር እኩል አደረጉት። ጣራው ዝቅ አለ፣ ግን ማንም ጣራ አይነካም። ወደ ሐውሹ መውጫ የቀረችው አንድ ደረጃ፣ 15 ሳንቲ፣ 1 ሜትር ከ80 ተዳፋት ተሠራላት። የወለሉ መሞላት ሌላም ጥቅም ነበረው። የመጸዳጃ ቧንቧ እንደ ውሃ ቧንቧ አይደለም፣ ቆሻሻው በራሱ እንዲወርድ መውረጃ ይፈልጋል። ወለሉ ከፍ ሲል ቧንቧው እስከ ቢያራው ድረስ የሚዘቀዝቅበት ቦታ አገኘ። መታጠቢያውም ለዓይን ያማረበት ጥግ ሳይሆን ለቢያራው የቀረበው ጥግ ላይ የተደረገው ለዚህ ነው።

ዘይቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ለዓመታት ከሞተር የተንጠባጠበ ዘይት ሲሚንቶው ውስጥ ገብቷል። ወጣቱ ሠራተኛ ላዩ ላይ ሊደፋበት ሲል ሽማግሌው ጮኸበት። ዘይት የጠጣ ሲሚንቶ አዲሱን አይዝም፣ ሽታውም በሙቀት ይመለሳል አለ። ጥቁሩን ቦታ በሙሉ ፈልፍለው አወጡት። ሁለት ቀን ሙሉ ጭንቅላታችን እስኪዞር ተደበደበ።

የብረት በሩ ተነስቶ በብሎኬት ተዘጋ፣ መስኮት ተተወለት። የዚህን አገር ሩጡባ ታውቁታላችሁ፤ ነሐሴ ላይ መስታወቱ ከውጭ በኩል ያልበዋል። መስኮት የሌለው ክፍል እዚህ በአንድ ክረምት ግድግዳው ይሻግታል። ኤሲውም ለብቻው መስመር ተሳበለት።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። አንድ ቀን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የክፍሉን ሥዕል አገኘሁት። መዳም ነች የሣለችው። አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ ቴሌቪዥን፣ ለእንግዳ ሁለት ወንበር። የመታጠቢያው በር ላይ ውሃ እንዳይወጣ ተብሎ ደፍ ተሥሏል። እኔ ማማ ከቢራን በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ የማነሳ ሰው ነኝ። ደፉን ሳይ ወገቤ ታወቀኝ። «ማማ፣ ሐዳ ሙ ዘይን» አልኳት። ዊልቸሩን አምጥቼ ባዶውን ገፍቼ አሳየኋት፣ የጀልባ ያህል ይዘላል። በሩንም በመጥረጊያ እንጨት ለካሁላት፣ ስንገባ ጣቴ እየተላጠ ነው የማልፈው አልኳት። መዳም ክፉ ሰው አይደለችም። ዝም ብላ አየችኝና ስልኳን አንስታ ግንበኛውን ጠራችው። ደፉ ቀረ፣ ወለሉ ራሱ ወደ መፋሰሻው እንዲያዘነብል ተደረገ። በሩ 90 ሳንቲ ሆነ። መደገፊያ ብረት ከመጸዳጃው ጎን ገባ፣ እሱንም ማማ ከቢራን አስቀምጬ እጃቸው የሚደርስበትን በእርሳስ ምልክት ያደረግኩት እኔ ነኝ። መስኮቱን ደግሞ ዝቅ አስደረግኩት፣ ተኝተው ሐውሹን እንዲያዩ። ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ማወቅ ይወዳሉ። አሮጊት አይደሉ።

ይሄን ሁሉ ተናግሬ አንድ ነገር አልተናገርኩም። ሥዕሉ ላይ የኔ አልጋ አልነበረም።

ሥራው ሲያልቅ ጠየቅኩ። መዳም ገረማት። «ከሷ ጋር ነዋ» አለችኝ። ፍራሽ መጣ። ቀን ግድግዳ ላይ ይደገፋል፣ ማታ በአልጋውና በመታጠቢያው መሀል ይነጠፋል። ፎቅ የነበረው ትንሽ ክፍሌ መጥበሻና ካርቶን ገባበት።

ማማ ከቢራ በሌሊት አራት ጊዜ ይነሳሉ። አንዴ ለውሃ፣ ሁለቴ ለሽንት፣ አንዴ ደግሞ ለምንም። ልጃቸው የሞተባቸውን ያስታውሳሉ መሰለኝ፣ እጄን ይዘው ይቆያሉ። ይሄ እኮ ሥራ ነው ብሎ የሚቆጥርልሽ የለም፤ «ተኝታለሽ አይደል» ነው የሚባለው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደግሞ የልጆች ቁርስ አለ። ቀኑን እንደ ድሮው ሙሉ ቤት አጸዳለሁ። በሦስተኛው ወር ቆሜ መተኛት ጀመርኩ። የመዳምን ዐባያ በካውያ አቃጠልኩባት። ቧንቧ ከፍቼ ረስቼ ወጥ ቤቱ ጎረፈ። ከሁሉ የባሰው ግን አንድ ሌሊት ማማ ከቢራ ሲጠሩኝ አልሰማሁም። ጠዋት ስነቃ ራሳቸው ሊነሱ ሞክረው አልጋው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥለው አገኘኋቸው። ብረቱን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ስንት ሰዓት እንደቆዩ አላውቅም። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን ለመናገር ቆረጥኩ። ዳማም ያለች አንዲት እህት ደንቡን በስልክ አንብባልኝ ነበር። በፈረንጅ 2024 ጥቅምት ላይ ሥራ የጀመረው የቤት ሠራተኛ ደንብ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ አታሠሩ ይላል፣ ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይቆራረጥ ትረፍ ይላል፣ በሳምንት ደግሞ 24 ሰዓት። ከዚያ በፊት የነበረው የ2013ቱም ቢሆን በቀን 9 ሰዓት ዕረፍት ይል ነበር። «ሳይቆራረጥ» የምትለዋን ቃል ያዝኳት። እኔ እኮ ቆጥሬ ብደምረው 8 ሰዓት እተኛለሁ፣ ግን አራት ቦታ የተቆረጠ ነው።

ደንቡን ይዤ ፊት ለፊት አልተጋፈጥኩም። እንዲህ ያደረገች እህት ሻንጣዋን ውጭ ያገኘችበትን ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። አንድ ሳምንት ሙሉ ማማ ከቢራ የተነሱበትን ሰዓት በወረቀት ጻፍኩ። ለመዳም ሰጠኋትና «እኔ ካልተኛሁ አንድ ቀን ይወድቁብኛል፤ ያኔ ለባባ ምን ትይዋለሽ?» አልኳት። ስለ ራሴ ብናገር አልሰማም ይሆናል ብዬ ነው በእሳቸው በኩል የሄድኩት። ሕጉን የነገርኳት በመጨረሻ ነው፣ ቀስ ብዬ። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን አልጋ መጣ። በጂብሰም ቦርድ ግማሽ ግድግዳ ተሠራልኝ፣ መጋረጃ ተሰቀለልኝ። ሐሙስና ዓርብ ሌሊት ሴት ልጆቻቸው በተራ ይመጣሉ። እኔ ያን ጊዜ ፎቅ ወጥቼ ከካርቶኖቹ ጋር እተኛለሁ። ሙሉ የዕረፍት ቀኔን ግን እስካሁን አላገኘሁም፣ ውሸት አልጽፍላችሁም።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን ይሄን እንድጽፍ ያደረገኝ ሌላ ነው።

ባለፈው ክረምት ወንድሜ ከኮምቦልቻ ደወለ። እናቴን ግራ ጎኗን ያዛት። ሆስፒታል ቆይታ ወጣች፣ እጇ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ እግሯ ግን አልታዘዝ ብሏል። ቤታችን ጭቃ ቤት ነው፣ በሩ ላይ ከፍ ያለ የድንጋይ ደፍ አለው፣ ሽንት ቤቱ ከግቢው ጫፍ ነው። በዝናብ ጊዜ እኔ ራሴ በልጅነቴ እየተንሸራተትኩ ነበር የምሄደው። ስልኩን ለእሷ ሰጣት። ንግግሯ ተወላግዷል። «አብሽሪ ልጄ» አለችኝ። እኔን ነው የምታበረታው። ስልኩን ዘግቼ ማማ ከቢራን አጠብኳቸው። ጀርባቸውን ሳሽ እንባዬ ከውሃው ጋር ሄደ። ምን ልበላችሁ፣ ታውቁታላችሁ።

ግቢያችን ውስጥ ከመንገዱ በኩል በቆርቆሮ የተሠራ የባጃጅ ማደሪያ አለ። ባጃጁን የገዛሁለት እኔ ነኝ፣ ማደሪያዋንም እኔ ነኝ ያሠራሁት። ወደ 3 ሜትር በ4 ሜትር ትሆናለች። ክፍል እናድርገው አልኩት። ወንድሜ ዝም አለ። «እታለም፣ ባጃጁስ ውጭ ይደር? ጎማው አንድ ሌሊት አያድርም» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ግን «ባባ እንኳን መኪናውን ለእናቱ አውጥቷል!» ብዬ ጮህኩበት። ባባ የዘይት ኩባንያ ደሞዝ አለው፣ ወንድሜ ያለችው ያቺ ባጃጅ ናት። «በኔ ብር የተገዛ» የሚል ቃልም ከአፌ ወጣ። አሁን ድረስ ይቆጨኛል። አራት ቀን አልደወለልኝም። ከዛ ጎረቤት ግቢ በወር እየከፈለ ሊያሳድራት እንደተስማማ በድምፅ ላከልኝ። ድምፁ ቀዝቅዟል።

ሥራውን በስልክ ቪዲዮ ነው የመራሁት፣ ከዚህች ክፍል ሆኜ። ግንበኛው የሰፈራችን ሰው ነው፣ መጀመሪያ ሳቀብኝ። በኋላ ተዳፋቱን በ12 ሲባዛ ስነግረው «ልጅት የት ተማርሽው?» አለ። አሥረኛ ክፍል ነው ያቆምኩት አልኩት። ቆርቆሮው በውስጥ በኩል በብሎኬት ተገነባ፣ ሊሾው ከግቢው ከፍ ብሎ ተደፋ፣ ደፍ የለም። ኮርኒስ ግድ ነው አልኩ፣ ቆርቆሮ ቀን ይጠብሳል ሌሊት ይበርዳል፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ የታመመ ሰው አያስተኛም። ሽንት ቤቱን ማቅረብ አልቻልንም፣ ጉድጓዱ እዛው ነው። መቀመጫው የተቀደደ ወንበር ከሥሩ ባልዲ ያለው አናጢ ሠራልን።

መስኮት ላይ ተጣላን። ወንድሜ ሌባ ፈርቶ መስኮት አይኑረው አለ። እኔ እምቢ አልኩ። እናቴ ቡና ሳታፈላ አትውልም፣ ከሰሉን ደግሞ ብርድ ነው ብላ ክፍል ውስጥ ታስገባለች። የከሰል ጢስ ሲጠፋ አለቀ ይመስለናል፣ የሚገድለው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፣ ሽታም ቀለምም የለውም። እንቅልፍ ያስመስላል። አዲስ አበባ ጋራዥና ጠባብ ሰርቪስ ቤት ተከራይታችሁ የኖራችሁ ይሄን አትርሱት፤ ዘመድም እዛ ካላችሁ ንገሩ። በብረት ፍርግርግ መስኮት ወጣ፣ ከሰል ውጭ ተቀጣጥሎ ውጭ እንዲያልቅ ለእናቴ አስማልኳት። ማለች። ትጠብቀው አትጠብቀው አላህ ነው የሚያውቀው።

ጠቅላላው የአምስት ወር ደሞዜን በላ። በወር 1000 ሪያል ነው የማገኘው፣ ቁጠሩት።

ክፍሉ ሊያልቅ ሲል ወንድሜ «እታለም፣ እኔ ሌሊት ሌሊት ሥራ ላይ ነኝ፣ እማን የምትጠብቅ ልጅ አግኝቻለሁ» አለኝ። ከቃሉ ገጠር የመጣች፣ 19 ዓመቷ። ጎበዝ አልኩት። ደሞዟን ተስማማን። ከዛ እንደው ለማለት ያህል «የት ነው የምትተኛው?» አልኩት።

«እዛው ወለሉ ላይ ፍራሽ እናነጥፍላታለን» አለኝ።

ምንም አልመለስኩለትም። ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። እሱ ኔትወርክ የጠፋ መስሎት «ሄሎ ሄሎ» ይላል። የብስኩት ካርቶን ጀርባ ላይ የሣልኩትን የእናቴን ክፍል አወጣሁት። አልጋ አለ። ቁምሳጥን አለ። የተቀደደው ወንበር አለ። ለዊልቸር መዞሪያ 1 ሜትር ተኩል ክብ ሥያለሁ፣ መስኮቱ አለ፣ ሳጥኗ ሳይቀር አለ። ልጅቷ የለችም። በመዳም ያዘንኩበትን ሥዕል ራሴ ቁጭ ብዬ ሥያለሁ፣ ያውም ከጂብሰሙ ጀርባ የራሴ አልጋ ላይ ሆኜ።

ወንድሜን «ሁለተኛ አልጋ ይግባ» አልኩት። አይበቃም አለ። እውነትም አይበቃም፣ ዊልቸሩ አይዞርም። ቁምሳጥኑ ይውጣ አልኩ። እናቴ ተቆጣች፣ ቁምሳጥኑን ከመጀመሪያው ደሞዜ ነው የገዛሁላት፣ ሰው ሲመጣ ታሳያለች። ሦስት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ ቁምሳጥኑ ወደ አሮጌው ቤት ተመለሰ፣ ልብሷ ከአልጋው ሥር በሳጥኗ ገባ።

ከዛ ልጅቷን በስልክ አገናኘኝ። ዓይን አፋር ናት፣ ካሜራውን ወደ ኮርኒሱ ነው የያዘችው። «እትዬ» አለችኝ። እኔ 27 ዓመቴ ነው፣ እትዬ ብሎኝ የሚያውቅ የለም። ምን እንደምላት ጠፋኝ። ማንሳት እንዴት እንደሆነ ነገርኳት፣ በወገብሽ አታንሺ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ በተያዘው ጎኗ በኩል ቁሚ አልኳት። እሺ እሺ ትላለች። ልዘጋ ስል ጠየቀችኝ።

«እትዬ፣ እማማ በሌሊት ስንት ጊዜ ነው የሚነሱት?»

የማማ ከቢራን አውቃለሁ፣ አራት ነው። ከነሰዓቱ። የእናቴን አላውቅም።

«አንድ ሳምንት ቆጥሪና ንገሪኝ» አልኳት።

ትናንት ደወለች። ሦስት ጊዜ ነው አለችኝ፣ አንዳንዴ አራት። ወንድሜ በሳምንት ሁለት ሌሊት ባጃጁን አቁሞ ቤት እንዲያድር ተስማምቷል፣ ልጅቷ ያን ጊዜ አሮጌው ቤት ትተኛለች። የጎረቤቱን የባጃጅ ማደሪያ ኪራይ ግን አሁንም በወር በወር ሳይጠቅስልኝ አይቀርም።